እርሾ

ከሌሊቱ ስምንት። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጣል፣
አንድ ጠርሙስ ሽንት ከዎርድ ወደ እኔ ይመጣል፤
በፕላስተሩ ላይ የቸኮለ እጅ ጽፎበታል፦
«አባ ፊጣ ሸምሱ፣ አልጋ አሥራ አንድ፣ ቱቦ ገብቶለታል፣
አሥራ ዘጠኝ ቀኑ።» ሌላ ምን ይባላል?

ማሽኑን አዙሬ፣ ጠብታውን መስታወት ላይ አኖርኩ፣
ዓይኔን አስጠግቼ፣ ብርሃኑን ቀነስኩ፣ ጨመርኩ።
አየኋቸው።
ሞላላ ናቸው፤ ከእናቱ ጎን ያልተለየ ልጅ፣ በልጁም ጎን ሌላ ልጅ፣
አንዲት ጠብታ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ የተሰበሰበ የዘመድ ደጅ፤
አንዳንዱም ክንዱን ዘርግቶ፣ ሥር ሳይኖረው ሥር ሰዶ፣
ባላረሰው ማሳ ላይ እንደሚዘራ ሰው ማልዶ።

እርሾ።
አማርኛችን ቁጥብ ነው፤ ለሁለቱም አንድ ቃል፣
ቡኮ ለሚያነሣውም፣ ሰው ለሚጥለውም ይበቃል።

ባለፈው ሰኔ፣ በአንዲት ሴት ናሙና ይህንኑ አይቼ፣
«ከውጭ የገባ ነው» ብዬ፣ ጓንቴን አውልቄ ትቼ፣
«ብክለት» ብዬ ጽፌ፣ የቀዘቀዘ ሻዬን ጠጥቼ
ሄድኩ።
ዳመነች ትባል ነበር። ከዳውሮ፣ በስኳር ታማ የመጣች፤
በአራተኛው ቀን ከደሟ ጠርሙስ ያቺው እርሾ ወጣች።
በአምስተኛው አንሶላው ተቀየረ።
ማንም አልወቀሰኝም። ወረቀቱ ዛሬም ፋይል ውስጥ ነው ያለው፣
ፊርማዬ ከግርጌው፣ ሰማያዊ፣ ገና ያልደረቀ የሚመስለው።

ስለዚህ «እርሾ፣ በብዛት» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቴ አሰመርኩበት፣
ተላላኪ አልጠበቅኩም፤ ግቢውን በዝናብ ሮጥኩበት።

ተረኛው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ ቀልቷል፣
መድኃኒት ሊያዝ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አውጥቷል።
ሲስተር ኩለኒ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ዎርድ የዞረች፣
«ትኩሳት የላቸው፣ ማቃጠል የላቸው፣ ግፊታቸው ደህና፣» አለች፤
«ሰው ነው ወይስ ወረቀት ነው የምናክመው?
ይልቅ ይህ ቱቦ እስከ ዛሬ ምን ሊሠራ ነው የቆመው?»

ዝም።
እውነቷን ነው። ከአልጋው ብረት ተንጠልጥሎ፣
ከረጢቱ ሲሞላ ሲደፋ፣ ለምደነው፣ የክፍሉን ዕቃ መስሎ።
በመጀመሪያው ሌሊት ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ያኔ ያስፈልግ ነበር፤
ከዚያ ሰውየው ነቁ። ቱቦው ግን ቀረ እንደነበር።
ለሳንባቸው ያፈሰስነው ብርቱ አንቲባዮቲክ ደግሞ፣
ሌባውን ከዘበኛው ጋር ጠርጎት፣ ቤቱ ባዶውን ቆሞ፤
ምን ያድርግ እርሾ? መሰላሉንም በሩንም እኛው ነን የሰጠነው፣
አሁን ደግሞ ገባ ብለን፣ በሌባ ስም የከሰስነው።

ልጃቸው ነጂባ ከተኛችበት ካርቶን ተነሥታ፣
«ምን አገኛችሁ?» አለች፣ ዓይኗን በመዳፏ አሽታ።
ቃል አጣሁ። «እርሾ» አልኳት። «ራጪቲ?» ብላ ሳቀች፣
«አባዬ ቡኮ ሆነ እንዴ?» ሳቋን ሳትጨርስ ተንሰቀሰቀች።

አባ ፊጣ በርጩማ ጠራቢ ናቸው፤ እጃቸው ከአንድ ግንድ ሦስት እግር የሚያወጣ፣
የልጃቸውን ጣራ ሲጠግኑ ወድቀው፣ ከሂርማታ በባጃጅ ነው የመጡት፣
በዝናብ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኩለኒ የፊኛውን ውሃ በሲሪንጅ መጠጠች፣
«ይተንፍሱ አባባ» ብላ፣ ቱቦውን ቀስ አድርጋ ጎተተች።
ከዚያ መጠበቅ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት። ሽንት የለም።
አዌቱ ወንዝ እንኳ በበጋ እንዲህ ተጠብቆ አያውቅም።
«ተኝቼማ አልሸናም» አሉ ሽማግሌው፣ «አቁሙኝ፣
ሰው ነኝ፣ በርሜል አይደለሁ፣ በቧንቧ አትክፈቱኝ።»
ሁለት ሰው ደገፋቸው። በመስኮቱ ጅሬን ጉም ለብሶ ይታያል፣
ከመጋረጃው ኋላ ጠብ... ጠብ... ከዚያ ዝናብ ይመስላል፤
ክፍሉ በሙሉ ያዳምጣል።

በሳምንቱ ሌላ ጠብታ። ዓይኔን አስጠግቼ ቆየሁ፣
ከዳር ዳር ፈለግኩ፤ አንድ፣ ቆይቼም ሌላ አንድ አየሁ።
«ጥቂት» ብዬ ፈረምኩ።
ለዳመነች ማን ይነግርልኛል?
ከመደርደሪያው ላይ ቀጣዩ ጠርሙስ ይጠብቃል፤
ፕላስተሩ ረጥቦ ስሙ ፈሷል፤
የመጀመሪያው ፊደል «ዳ» ይመስላል።